ሚዜው ባለ ድርጅት

ሁሉን ነገር በእጄ ካልነካሁ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የወልድያው ጓደኛዬ ጀማል እንዲያ ነው። ኮምፒውተር የሚጠግንና ኔትወርክ የሚዘረጋ ድርጅት ከፈተ፤ ዘይነብ የምትባል ጎበዝ ባለሙያም ቀጠረ። የይለፍ ቃሉን ሁሉ ግን በጭንቅላቱ ይዞ ይዞራል። ታዲያ ምን ታድርግ? የይለፍ ቃል ባስፈለጋት ቁጥር ትደውልለታለች።

ባለፈው መርሳ ከተማ አንድ ሰርግ ላይ ሚዜ ሆነ። ዘይነብ ደጋግማ ስትደውል ስልኩ ከጭፈራው በላይ ቢጮህ፣ እሱም ሊያናግራት ዞር ቢል የሙሽራው አጎት ተቆጡ፦ «አንተ ልጅ፣ ሚዜ ሙሽራውን ጥሎ ዞር አይልም! የምትጠይቅህን ንገራትና ስልኩን ወዲህ በል!»

ጀማል ልጁን እንደሚድር አባት ዓይኑ እንባ አቅርሮ የይለፍ ቃሎቹን ለዘይነብ አስረከበ።

ከሰርጉ መልስ አብረን ቢሮው ገባን። ደንበኛ ሞልቷል። ዘይነብ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፤ ተራዎ ሲደርስ እንጠራዎታለን» አለችው።

ጀማል ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋውና ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። በገዛ ቢሮው አረፍ ሲል ገና ያን ቀን አየሁት።