እሳትን በጥቁር ሰሌዳ
ሰውን ማስተማር ቀላል ነው የሚል ካጋጠማችሁ፣ ወይ አስተምሮ አያውቅም፣ ወይ ያስተማራቸውን ፈትኖ አያውቅም። በተለይ ጢም ያበቀለ ሠራተኛን! አግዳሚ ላይ ስታስቀምጡት ራሱን ይነቀንቅላችኋል። እናንተ ገባው ትላላችሁ፤ እሱ እያንቀላፋ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ፣ የካ ተራራ ሥር በሚገኝ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ጸሐፊ ነበርኩ። ከእንጦጦ የሚወርደው ባሕር ዛፍ እኛ ዘንድ ጣውላ ይሆናል፤ ሰጋቱራው ደግሞ በየጥጉ ይከመራል። አንዲት ፍም ብትወድቅበት የሁላችንም እንጀራ ዐመድ ሆነ ማለት ነው። አንድ ማለዳ ክምሩ ተያይዞ መሰንጠቂያው ለጥቂት ሲተርፍ፣ ዲሬክተራችን ደንግጠው አስተማሪ አስመጡ።

አቶ መኩሪያ ይባላሉ። ለአንድ ሳምንት፣ ከረባታቸውን አሳምረው፣ የእሳትን ጠባይ በጥቁር ሰሌዳ አስረዱን። እኛም እንደ ዳዊት ሸመደድነው። በመጨረሻም ሊፈትኑን ግቢው ውስጥ ጥቂት ሰጋቱራ ለኮሱና፣ "እሳት! ምን ታደርጋላችሁ?" አሉ።

ሁላችንም እጃችንን አወጣን።

"እርስዎ፣ አቶ ቶሎሳ!"

አቶ ቶሎሳ የመጋዙ ሽማግሌ ናቸው። ኮታቸውን ቆልፈው ተነሡና፣ "አንደኛ፣ አለመደናገጥ ነው" ብለው ጀመሩ። ሁለተኛው ላይ ሳይደርሱ ነፋስ ከተራራው ወርዶ እሳቱን ወደ ሰሌዳው ወሰደው። አቶ መኩሪያ በገዛ ኮታቸው እየደበደቡት፣ "ኧረ ውሃ! ውሃ!" ሲሉ፣ አንዱ ከኋላ፣ "ውሃው እኮ አራተኛው ላይ ነው!" አለ።

እሳቱን አጠፉት፤ ኮቱ ግን አልተረፈም። አቶ መኩሪያ የተቃጠለውን እጅጌ እያዩ፣ "ላም ባልዋለበት ኩበት ሳስለቅማችሁ ከረምኩ" አሉ፤ ሳቁም።

ከዚያ ወዲያ ሰሌዳ የለም። ባልዲዎች ውሃ ሞልተው ተደረደሩ። እሳቸው ምሳ ላይም ሆነ ወሬ መሐል ድንገት ይለኩሳሉ፤ እኛ እንሮጣለን፤ እንጋጫለን፤ ደግመን እንሮጣለን። ኋላ ኋላ ጭስ ሲሸተን ከጭንቅላታችን በፊት እግራችን ይነሣ ጀመር።

በመዝጊያው ዕለት ዲሬክተሩ መጡ። አቶ መኩሪያ በቋሚነት ይቀጠሩ ወይስ ይሰናበቱ የሚወሰነው ያን ቀን ነበር። ዲሬክተሩ ሲጋራቸውን ለኮሱ፣ ክብሪቱን ወደ ኋላቸው ጣሉና፣ "ትምህርት ማለት..." ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ክብሪቱ የወደቀው ከጀርባቸው ካለው ሰጋቱራ ላይ ነው፤ በእኛና በጭሱ መካከል የቆሙት ግን እሳቸው ናቸው። የአቶ ቶሎሳ ባልዲ ቀደመ። የሌሎቻችንም አልዘገየም።

ከዲሬክተሩ ባርኔጣ ውሃ ይንጠባጠባል። ወደ ኋላቸው ዞረው የጠቆረውን ሰጋቱራ አዩ።

"አቶ መኩሪያ" አሉ፣ "እነዚህ ሰዎች ተምረዋል። ከነገ ጀምሮ የእኛ ነዎት።"

እነሆ ከዚያ ቀን ወዲህ ዲሬክተሩ ንግግራቸውን የሚያሰሙን ከፎቅ መስኮት ሆነው ነበር። አልተቀየምናቸውም። ትምህርት ሲሰምር ተናጋሪ ትንሽ ራቅ ቢል ምን ይገርማል?