የማዳም ጂሌና የእኔ ዕረፍት

ሀብታም ሲመርጥ ድሃ ይጠብቃል። ይሄን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ እዚህ ጅቡቲ፣ ማዳም ቤት፣ ሰባት ሳምንት ቆሜ ያየሁት ነው።

ማዳም የምሠራላት ፈረንሳዊት ናት። ባሏን እንደ ፈረንሳዮቹ ሙሴ እንለዋለን፣ ጌታዬ እንደማለት። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። የእኔም ሚጡ አራት ዓመቷ ነው፤ እሷ ግን ድሬዳዋ እናቴ ዘንድ ናት። ካየኋት ሁለት ዓመት አልፎኛል። ባለፈው በስልክ "እትዬ" ብላ ጠራችኝ። ጎረቤት መሰልኳት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለኝ።

ማዳምን ፈቃድ ጠየቅኳት። እሷም ከሙሴ ጋር ባሕር ውስጥ መጥለቅ እየተማረች ስለነበር፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹን ጓደኛዋ ቤት ትተው ለሳምንት ወደ ደሴት እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ያን ሳምንት አገርሽ ትሄጃለሽ አለችኝ። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጂሌዋን መምረጥ።

ጂሌ የሚሉት ጠላቂዎች የሚለብሱት፣ አየር የሚሞላ ሰደርያ ነው። ከጀርባው የአየር ሲሊንደር ይታሰርበታል። ሲነፋ ያንሳፍፋል፣ ሲተነፍስ ያሰምጣል። ሰው ከፍሎ ለምን እንደሚሰምጥ እኔን አትጠይቁኝ። በዚሁ ባሕር ስንቱ ያገሬ ልጅ እንዳይሰምጥ እየጸለየ ወደ የመን ይሻገራል።

ሙሴ ከሚያውቀው ሰው ሁለት ዓይነት ተውሶላት ነበር። አንደኛው ሆድና ጎንን ከቦ ይነፋል፤ ውሃው ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፣ ሲሞላ ግን ያጨናንቃል። ሁለተኛው አየሩን በጀርባ ብቻ ይይዛል፤ ደረት ነፃ ነው፣ ከውሃው በላይ ሲንሳፈፉ ግን ፊትን ወደ ውሃው ይገፋል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ማዳም ሰኞ ደረቴ ተጨነቀ ትላለች፣ ረቡዕ ደግሞ አፌ ውሃ ሊገባበት ነው ትላለች። እኔ የሁለቱንም ጨው እያጠብኩ አሰጣለሁ። ለሚጡ የገዛሁት ጫማ ሻንጣዬ ውስጥ ተቀምጧል። ጫማ አያድግም፤ እግር ግን ያድጋል።

ዓርብ ካርቲየ ሰባት ቢስ የሚባለው ሰፈር ሄጄ ለጓደኛዬ ለዘይነባ ብነግራት ሳቀችብኝ። "አንቺ ሞኝ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው የያዝሽው። አንዱን ቅደጂላትና ምርጫው ይቅለላት" አለችኝ። እውነቱን ልናገርና፣ መቀሱን አንድ ሁለቴ አየት አድርጌው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት ማዳም ጠራችኝና፣ ለብሰሽ አሳዪኝ፣ ከውጭ ሆኜ ልየው አለች። ዙሪያውን የሚነፋውን ስለብስ የታሸገ ፍራሽ መሰልኩ። ከዚያ የጀርባው መጣ። ታዲያ ጀርባ ላይ የሚወጣን ነገር እንዴት ነው የሚይዙት? እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ነው። ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩት፣ ማሰሪያውን ደረቴ ላይ አጠበቅኩት። ማዳም ቁልፉን ተጫነች። ጀርባዬ ላይ ቀስ እያለ ሞላ፣ ክብደቱም አረፈብኝ። ሳላስበው እጄ ወደ ኋላ ዞሮ መታ መታ ያደርገው ጀመር። ጉልበቴም እጥፍ ዘርጋ ይላል። ማዳም ምንድነው የምትዘፍኚው ስትለኝ ነው እሹሩሩ ማለቴን ያወቅኩት።

በተሰባበረው ፈረንሳይኛዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫማውን፣ "እትዬ" መባሌን። ማዳም አለቀሰች። እኔም ጂሌውን እንደለበስኩ አለቀስኩ። ልታቅፈኝ ሞከረች፤ ሲሊንደሩ አላስደርስ አላት።

ያኑ ዕለት መረጠች፤ የጀርባውን። እኔ በልቤ አውቶቡስ ተሳፍሬ የድንበሩን ከተማ ደወሌን አልፌያለሁ። ማዳም ግን ንግግሯን አልጨረሰችም። ያልሽው ልቤን ነክቶታል አለችኝ። እናት ከልጆቿ መለየት የለባትም፤ እኔ ክፉ፣ ሳምንት ሙሉ ጥያቸው ልሄድ ነበር፤ አብረውኝ ይሂዱ። ታዲያ እኔ ውሃ ውስጥ ስሆን ማን ይጠብቅልኛል? አንቺም ትመጪያለሽ አለችኝ።

ድሬዳዋስ? አልኩ ቀስ ብዬ።

ሌላ ጊዜ፣ አለች ዓይኗን እየጠረገች።

ደሴቱ መቼም ውብ ነው። አሸዋው እግር ስለሚያቃጥል ትንሿን ቀኑን ሙሉ አዝዬያት ዋልኩ። ማዳም ከባሕሩ ብቅ ባለች ቁጥር ለጓደኞቿ በጣቷ ታሳየኛለች። እናትነት ምን እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት ትላቸዋለች።