በረጅሙ ተንፍሺ የምትለኝ ሰሚራ

የእጅ ሰዓቱ ሳይፈቅድለት የማይረጋጋ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ጓደኛዬ ሰሚራ ገጥማኛለች። ለመጀመሪያው የሥራ ኢንተርቪው በጊደር መጋላ ገበያ በኩል ስሮጥ አስቁማ ያንን የልብ ምት የሚለካ ሰዓቷን እጄ ላይ አሰረችው።

«ወላሂ ልብሽ ተጨንቋል! ጤነኛ ልብ አየር ስታስገቢ ፈጠን፣ ስታስወጪ ዘግየት ይላል። በረጅሙ ሳቢ!»

«ሰሚራ፣ ረፍዶብኛል እኮ!»

«ሳቢ አልኩሽ!»

ሳብኩ። ለካ የቆምነው በርበሬ ከሚያበጥሩ እናት አጠገብ ነው! እኔ አስነጠስኩ፣ ሰሚራ አስነጠሰች፣ ሰዓቱ ጮኸ።

«ልጆቼ፣ እዚህ ጋ አይተነፈስም!» አሉን እናትየው።

ኢንተርቪው ክፍል እንባዬ እየወረደ ደረስኩ። ጠያቂው ደንግጠው «አይዞሽ፣ በረጅሙ ተንፍሺ» ቢሉኝ፣

«አልተነፍስም!» ብዬ ጮህኩባቸው።

ይኸው ውጤት እየጠበቅኩ ነው። ሰሚራማ «እስኪደውሉልሽ ድረስ በረጅሙ…» ብላ ስትጀምር ጥያት ሮጥኩ።