የእትዬ ዘርፌ ባሕር ዛፍና የእኔ ትንበያ

ደባርቅ ላይ ቤት የሠራ ሰው ወዲያው አንድ በሽታ ይይዘዋል፤ የጎረቤቱን ዛፍ ማየት። ተከራይ ሳለ ነፋሱ ሲያፏጭ ተጠቅልሎ ይተኛ የነበረ ሁሉ፣ የራሱን ቆርቆሮ ካስመታ ማግስት ጀምሮ አንገቱን አንጋጦ ይውላል። እኔንም ያዘኝ።

የእኔን ያባባሰው ስልኬ ነው። ነፋስ የከተማ ዛፍ እንዴት እንደሚጥል የሚያሳይ ቪዲዮ አንዴ ባይ፣ ስልኩ ሌላውን እያከታተለ ያመጣልኝ ጀመር። ዛፍ መኪና ላይ፣ ዛፍ ሱቅ ላይ፣ ዛፍ ሰው አልጋ ላይ! ሳልውል ሳላድር ሊቅ ሆንኩ። ያዘመመ ዛፍ ወዳዘመመበት ይወድቃል፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ ኢንተርኔት መጨረስ ነበረብኝ? ነበረብኝ እንጂ!

ታዲያ ከቤቴ በስተሊማሊሞ በኩል፣ ነፋሱ ገደሉን ወጥቶ በሚመጣበት አቅጣጫ፣ የጎረቤቴ የእትዬ ዘርፌ ባሕር ዛፍ ቆሟል። የተከሉት ባለቤታቸው ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ግንበኞች ግድግዳ የሚያቀኑበትን ቱምቢ ተዋስኩና ክሩን አንጠልጥዬ በአንድ ዓይኔ ባነጣጥር፣ ዛፉ ወደ እኔ አዘንብሏል! ዕድሜ ልኬን የሰው ቤት ተከራይቼ ያገኘኋት ያቺው አንዲት ጣሪያ ናት እኮ። እንግዲህ ተነበይኩ፤ የዘንድሮው ክረምት ሳይወጣ ይህ ዛፍ ቤቴ ላይ ይሆናል!

ለእትዬ ዘርፌ ብነግራቸው ድንች መኮትኮታቸውን እንኳ አላቆሙም። ዛፉ ይህን ነፋስ ድሮ ነው የሚያውቀው፣ አዲሱ አንተ ነህ አሉኝ። እኔ ግን መች እተኛለሁ! ሽማግሌ ላክሁ። ሌላው ሰው ሚስት ሲያምረው ሽማግሌ ይልካል፤ እኔ ዛፍ ለማስቆረጥ ላክሁ። የሰፈራችን መሪጌታ ፊት ፊት፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተከትለዋቸው፣ እኔ ቱምቢዬን ይዤ ከኋላ። መሪጌታው ክሩንም ዛፉንም እኔንም አፈራርቀው አዩና፣ አደጋ ሳይደርስ ስለ ጉርብትናው ሲሉ ይቁረጡለት ብለው ለመኑልኝ። እትዬ ዘርፌ ዛፉን ከሥሩ እስከ ጫፉ አዩት። በመጨረሻ፣ እናንተን ከደጄ እንዴት አድርጌ በባዶ እመልሳለሁ፣ ይቆረጥ አሉ። ዛፉ ሲወድቅ በነጠላቸው ተሸፍነው አለቀሱ። እኔም አዘንኩ፤ ግን ቆርቆሮዬን ቀና ብዬ አየሁና ተጽናናሁ።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሊማሊሞን ወጥቶ ከች አለ። ድሮ ከባሕር ዛፉ ጋር ሲታገል ቆይቶ ደክሞት ነበር እኔ ዘንድ የሚደርሰው። አሁን ማን ይያዘው? የጣሪያዬን ግማሽ ገንጥሎ ወሰደና እትዬ ዘርፌ ድንች ላይ አሳረፈው። እግዚኦ! ስለሚወድቅ ዛፍ ያን ያህል ያስተማረኝ ስልክ፣ ስለሌለ ዛፍ አንድ ቃል ትንፍሽ አላለም።

በማግስቱ መሪጌታው እነዚያኑ ሽማግሌዎች አስከትለው በሬ ላይ ቆሙ። ሊያጽናኑኝ የመጡ መስሎኝ ወንበር ላወጣ ስል፣ የለም፣ እትዬ ዘርፌ ልከውን ነው አሉ። የቀረው ቆርቆሮህ ሲንኳኳ እያደረ እንቅልፍ ነስቷቸዋልና፣ አደጋ ሳይደርስ ስለ ጉርብትናው ስትል አውርድላቸው አሉኝ። ቃሉ የራሴ ነው። አወረድኩት።

ጣሪያውን እንደገና ለማቆም እንጨት ፍለጋ ልወጣ ስል እትዬ ዘርፌ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ያ የተጋደመው ግንድ ምን ሊሆነኝ ነው፣ ውሰደው አሉኝ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ! ግን ወሰድኩት፤ ዝናቡ እኮ አልጋዬ ላይ እየወረደ ነው። ግንዱ ተሰነጠቀ፣ ማገሩም ወራጁም ከእሱ ወጣ።

እንግዲህ ትንበያህ ከሸፈ እያላችሁ የምትስቁብኝ ሁሉ፣ ኑና ቀና ብላችሁ እዩ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ዛፉም ቤቴ ላይ ነው።