አምፖል ይዘው ባትሪ የሚገዙት ጋሽ ወንዳወቅ

በየከተማው ዕቃ ሳይመረምር የማይገዛ አንድ ሰው አይጠፋም። ካልሲ ሲገዛ ክሩን በጥርሱ ይሞክራል፤ ጃንጥላ ሲገዛ ዝናብ እስኪመጣ ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል። ባለሱቆች ከሩቅ ሲያዩት ምሳ ሰዓት ደረሰ ብለው በራቸውን ይዘጋሉ። የፍኖተ ሰላሙ ክቡር መርማሪ ጋሽ ወንዳወቅ ናቸው፤ የቀድሞ የፊዚክስ መምህር፣ ጡረታ ሲወጡ ጠመኔውን እንጂ ጥያቄውን ያላስረከቡ። «ቆይ፣ እስቲ እንየው» የምትለዋን ቃላቸውን የማያውቅ ነጋዴ ከመራዊ እስከ ቡሬ የለም።

ጎረቤታቸው መስከረም በራቸውን ያንኳኳችው ጨንቋት ነው። ጓዳዋ ውስጥ ሁለት መቶ ስልሳ አራት እንቁላል የሚይዝ የጫጩት መፈልፈያ ማሽን አላት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቀዘቅዛል። ሁለት ዙር ያስገባችው እንቁላል ጫጩቱን እንደያዘ ሞቶ ቀረ። ሁለተኛውን ዙር ጓሮ ስትቀብር ሰው እንዳያያት ገና ሳይነጋ ነበር የቆፈረችው። ሦስተኛው ከከሸፈ ማሽኑን ልትሸጥ ቆርጣለች። ጄኔሬተር እንዳትገዛ ቤንዚን የለም። ቡሬ፣ ጠሃ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ፣ እንደ ሻንጣ በእጅ የሚንጠለጠል፣ ቤት ሙሉ መብራት የሚሰጥ ባትሪ አለ ሲሏት ነው ወደ ጋሽ ወንዳወቅ የሄደችው።

«ማሽንሽ ስንት ዋት ይጎትታል?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፤ ጀርባው ላይ ተጽፏል።»

«የተጻፈውን አልጠየቅሁሽም።»

መለኪያቸውን ይዘው መጡና ቀኑን ሙሉ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጡ። ማሞቂያው እየበራ እየጠፋ፣ ሲደመር ሲካፈል መቶ ዋት ወጣ። በማግስቱ ሁለት ባለ መቶ ዋት አምፖሎች በሻሽ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ከመስከረም ጋር ወደ ቡሬ ሚኒባስ ገቡ።

ጠሃ ጨዋ ነጋዴ ነው፤ ወንበር ሰጣቸው። ከዚያም የሚያብረቀርቀውን ባትሪ አወረደ። ሣጥኑ ላይ በትልቁ 2000 ተጽፎበታል።

«ይኼ ሁለት ሺህ ነው ጋሼ። ወላሂ፣ ቀን ከሌት ያሠራዎታል።»

«ሁለት ሺህ ምን?»

ጠሃ ሣጥኑን አገላበጠው። «ሁለት ሺህ… ጉልበት።»

«ጉልበትማ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚያነሣ ነው። እኔ የምፈልገው ስንቁን ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሚያዘልቅ። እዚያ ታች ያለው ምንድን ነው?»

ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሰው ዞር ብሎ ያላየው ሌላ ባትሪ ነበር። «ቆይ፣ እስቲ እንየው» አሉ። መስከረም አንገቷን ደፋች።

ሁለቱም ባትሪዎች ጢም ብለው ሞልተው ነበር። ጋሽ ወንዳወቅ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ አምፖል ሰክተው፣ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አበሩና ሰዓታቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። መንገደኛው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተው የሚጠብቁትን ሽማግሌ ሊያይ ቆመ። መስከረም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ርቧትም ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ባለ 2000ው ጭልም አለ። የተሰበሰበው ሰው «ኧረ!» አለ። አቧራማው ግን ዘጠኝ ሰዓትን አለፈ፣ አሥርን አለፈ፣ አሥራ አንድን አለፈ። ያኔ መስከረም ረሃቡንም ኀፍረቱንም ረስታ፣ ትንፋሿን ውጣ አምፖሉን ታይ ጀመር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ጠፋ። ስምንት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው።

ጋሽ ወንዳወቅ በዚህም አልበቃቸውም። ባትሪውን ከሱቁ መብራት ጋር አገናኝተው ጥቂት እስኪሞላ ጠበቁ፤ አምፖሉን እንደገና አበሩና፣ የሱቁን ገመድ ድንገት ነቀሉት። አምፖሉ አልተርገበገበም። «ዓይኑን አልጨፈነም፤ ውሰጂው» አሉ።

ጠሃ ባትሪውን በገዛ እጁ ወልውሎ አሠረላት። «ሁለት ዓመት ስሸጥ የምሸጠውን ያወቅሁት ዛሬ ነው» አላቸው።

መስከረም ሦስተኛውን ዙር አስገባች። በሃያ አንደኛው ቀን፣ እንቁላሎቹ መሰንጠቅ በጀመሩበት ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ላይ ዝናብና ነፋስ ምሰሶ ጥሎ ከተማው መብራት አጣ። ባትሪው ድምፅ ሳያሰማ ተቀበለ። ጋሽ ወንዳወቅ ዝናብ እያራሳቸው መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እሷ ባትሪው ላይ ከመቶ የቀረውን ቁጥር ታያለች፤ ሰባ፣ አርባ፣ አሥራ አምስት። እሳቸው ሰዓታቸውን።

መብራት ከጠፋ በሰባተኛው ሰዓት አንድ ቅርፊት ተፈነቀለና እርጥብ ራስ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ አሥር፤ ጓዳው በጩኸት ሞላ። ጋሽ ወንዳወቅ ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዕድሜ ልካቸውን ያላመኑትን ሲጠይቁ የኖሩት ሰው፣ በማሽኑ መስታወት አፍጥጠው ቀሩ።

«ምንም አልተጻፈበትም እኮ» አሉ ጫጩቱን እያዩ በሹክሹክታ።

ባትሪው ሦስት ሲቀረው፣ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት መጣ። መስከረም እልል አለች፤ እሳቸው ግን ዘወር ብለው እንኳ አላዩም።

በሳምንቱ ልታመሰግናቸው ሄደች። መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቤቱን አጨልሞት፣ ጋሽ ወንዳወቅ በኩራዝ የዕቃ መመሪያ ያነባሉ።

«እንዴ ጋሼ፣ እርስዎ ባትሪ የለዎትም?»

«እያጣራሁ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራተኛ ዓመቴ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ከገዛሁ በኋላ ምን እጠይቃለሁ ልጄ?»

መስከረም ግድግዳውን ሞልተው የተደረደሩትን መመሪያዎች፣ ባዶውንም ወንበር አየች። ጫጩቶቿ ሞቋቸዋል፤ የጎደላት ነገር አልነበረም።

«እኔማ የመጣሁት» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር እየዋሸች፣ «የጫጩት ማሞቂያ አምፖል ልገዛ አስቤ ነው። የትኛው እንደሚሻል ግን ግራ ገብቶኛል።»

ጋሽ ወንዳወቅ ኩራዙን እፍ ብለው ጫማቸውን ፍለጋ ተነሡ።