ራስጌና ግርጌ

(በጥንት ግብፅ፣ በዓባይ ዳር ያለ የሬሳ ሣጥን ሠዓሊዎች ቤት። ሟች በግራ ጎኑ ተጋድሞ የምትወጣውን ፀሐይ እንዲያይበት በሣጥኑ ግራ ጎን፣ በራስጌ፣ ሁለት ዓይን ይሳላል። ኢሃ እንደ ወትሮው ጠዋት አረንጓዴ ድንጋይ እየወቀጠ ቀለም ያዘጋጃል። በሥራ አንጋፋው ሰፒ ከሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ይጮኻል።)

ሰፒ፦ ዓይን በግርጌ ይሳላል? ሟቿ እመቤት ሳቲ የምትወጣውን ፀሐይ በተረከዛቸው ሊያዩ ነው?

ኢሃ፦ በራስጌ ነው የሳልኩት፣ ጋሼ። በግራ በኩል።

ሰፒ፦ ለመሆኑ ግራህን ታውቀዋለህ?

ኢሃ፦ የምበላበት እጅ ነዋ።

ሰፒ፦ ሰው የሚበላው በቀኙ ነው!

ኢሃ፦ እኔ ግራኝ ነኝ።

ሰፒ፦ ግራኝ ሳትሆን ግራ የገባህ ነህ! ደግነቱ ማልጄ ገብቼ አረምኩት። በወዲያኛው ጎን፣ በወዲያኛው ጫፍ፣ ሁለት ዓይን ሳልኩ። ያንተን አሁኑኑ ፋቅ።

ኢሃ፦ ሁለትና ሁለት... አራት ሆነ ማለት ነው?

ሰፒ፦ ጎሽ፣ መቁጠርስ ትችላለህ! ስማ፣ የጎተራው ሹም የእናቱን የእመቤት ሳቲን ሣጥን ሊወስድ እየመጣ ነው። ሥራው ከማረከው የሠዓሊዎች አለቃ ያደርገኛል። በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ አራት ዓይና እንደሌለ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።

ኢሃ፦ (ፊቱን እያየ) እኔ የሚታየኝ ሁለት ነው።

ሰፒ፦ ሊቅ ማለት ነው፣ አንተ ደነዝ!

ኢሃ፦ እሺ ሊቁ፣ ከመፋቄ በፊት ይግቡና ያሳዩኝ። ካላየሁ አይገባኝም።

(ሰፒ እያጉረመረመ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ሟች በግራ ጎኑ ተጋደመ።)

ሰፒ፦ ይኸው! የእኔ ዓይኖች ፊት ለፊቴ ናቸው። ያንተዎቹ ከኋላዬ፣ ተረከዜ ጋ።

ኢሃ፦ እውነትም። ራስዎ አጠገብ፣ ከውስጥ በኩል፣ ምን ተስሏል?

ሰፒ፦ ጫማ።

ኢሃ፦ እግርዎ አጠገብስ?

ሰፒ፦ ትራ... (ከሣጥኑ ዘሎ ወጣ።)

ኢሃ፦ የእመቤት ሳቲን ልማድ አላውቅም። እኛ ቤት ግን ትራስ ለራስ ነው።

ሰፒ፦ ኢሃ፣ ወንድሜ፣ ቶሎ በል! የእኔን ፋቅ!

ኢሃ፦ ቀለሙ እኮ አልደረቀም። ብነካው ይጨማለቃል። ይተዉት፤ እመቤት ሳቲ በራሳቸው በኩል ምሥራቁን፣ በእግራቸው በኩል ምዕራቡን ይዩበት።

(ከደጅ የሹሙ ድምፅ ተሰማ።)

ሰፒ፦ አንተ ነህ የሳልከው! አራቱንም እኔ ነኝ በል!

ኢሃ፦ ማን ያምነኛል፣ ጋሼ? አራት ዓይናው ማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

(ሄዶ በሩን ከፈተ።)