የነርስ ሎታ አቀባበል

[ሳቫይ ደሴት፣ ሳሞአ። ረፋድ ላይ። ታኦፊ የመንደሩ ተናጋሪ ሹም ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ በትር ተመርኩዘው፣ የዝንብ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የአቀባበል ንግግር የሚያሰሙት እሳቸው ናቸው። አሁንም ግድግዳ በሌለው የእንግዳ ቤት መሀል ቆመዋል። ባለቤታቸው ኢሴታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላ ካለው መኖሪያ ቤት የስምንት ቀን ሕፃን ይጮኻል። ልጃቸው ታሊታ ጡቷ ቆስሎ፣ ሕፃኑ አልይዝላት ብሎ፣ «ዛሬም ካልሆነ በቃኝ» ብላለች። የሚያጠቡ እናቶችን የምትረዳው ነርስ ሎታ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ትመጣለች ተብሏል።]

ታኦፊ፦ ጭንቅላቱን?! ለነርሷ የአሳማውን ጭንቅላት?!

ኢሴታ፦ ምን አለበት? የተማረች አይደለች? በጭንቅላቷ አይደል የምትሠራው?

ታኦፊ፦ ጭንቅላቱ አሳማውን ለጠበሱት ጎረምሶች ነው! ይሄንማ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። አርባ ዓመት ከእኔ ጋር ኖረሽ የአሳማ አከፋፈል አይገባሽም?

ኢሴታ፦ እሺ፣ ጅራቱንስ?

ታኦፊ፦ [በበትራቸው ወለሉን እየደቁ] ጀርባው! ለክብር እንግዳ ጀርባው ነው!

ኢሴታ፦ ባለፈው ጀርባውን ሰጧት። ከዚያ በፊት በመጣችበትም ቀን ጀርባውን። ታሊታን ግን አላየቻትም።

ታኦፊ፦ በምን ጊዜዋ ታያታለች? ንግግሬን ሳልጨርስ አውቶቡሱ መጣባት።

ኢሴታ፦ ሁለቱንም ቀን?

ታኦፊ፦ ሁለቱንም ቀን! ያ ሾፌር ሥርዓት የሚባል አያውቅም። እኔ ገና የሴትየዋን ቅድመ አያት ስም ስጠራ እሱ ጥሩንባውን ይነፋል!

ኢሴታ፦ እኔ ደግሞ ነርሷ አንገቷን ደፍታ ሳያት ለቅድመ አያቷ ክብር መስሎኝ። ለካ ሰዓቷን እያየች ነው።

[የሕፃኑ ጩኸት ይብሳል።]

ታኦፊ፦ ሁለት ጊዜ መጣች፣ ሁለት ጊዜ በላች፣ ልጁ ያው ይጮኻል። እኔን ከጠየቅሽኝ ሥራዋን አታውቀውም።

ኢሴታ፦ እሱስ እውነት ነው። ስትበላ ብቻ ነው ያየናት።

ታኦፊ፦ ደግሞ ማጥባት ምን ትምህርት ያስፈልገዋል? ጡቱን ወደ አፉ መግፋት ነው፤ አለቀ! ሰባት ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ።

ኢሴታ፦ ሰባቱንም ያጠቡት እርስዎ ነበሩ እንዴ?

ታኦፊ፦ ምን?

ኢሴታ፦ አይ፣ ያኔ እንቅልፍ የሚባል ስላልነበረኝ ማን እንዳጠባ በደንብ አላስታውስም።

ታኦፊ፦ አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም! [ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው] ትናንት ልጁን ገና ሲያቀብሏት ከንፈሯን ስትነክስ አየኋት። የእኔ ታሊታ! ዛሬ ነርሷ ካልቻለች ሱቅ ሄጄ የቆርቆሮ ወተት እገዛለሁ። ይኸው፣ ገብቼ እንዲያውም ልንገራት።

ኢሴታ፦ [ብድግ ብለው መንገዱን እየዘጉ] ቆይ፣ ቆይ! ንግግሩስ? አንዴ ያሰሙኝ እንጂ። መጀመሪያ የሚጠሩት የነርሷን የአባት መንደር ነው ወይስ የእናቷን?

ታኦፊ፦ የአባቷን ነዋ!

ኢሴታ፦ ተራራው ሥር ያለውን?

ታኦፊ፦ ባሕሩ ጋ ያለውን!

ኢሴታ፦ ባሕሩ ጋ ያለው የአማቿ አይደለም?

ታኦፊ፦ ነርሷ መቼ አገባች?!

ኢሴታ፦ አላገባችም? ታዲያ አማቿ ከየት መጣ?

ታኦፊ፦ አንቺው ነሽ ያመጣሽው! ቁጭ በይ። ከሥር ከመሠረቱ እነግርሻለሁ።

[በትራቸውን ተክለው ይጀምራሉ። ቅድመ አያቶች ይጠራሉ፣ ታንኳዎች ይጠራሉ፣ ድሮ የሞቱ ሹማምንት ይመሰገናሉ። ኢሴታ በየመሀሉ አንዱን ከአንዱ እያምታቱ ያስደግሟቸዋል። ድንገት የሕፃኑ ጩኸት ይቆማል።]

ታኦፊ፦ ሰማሽ?

ኢሴታ፦ ኧረ ምንም አልሰማሁ።

ታኦፊ፦ እኮ! ዝም አለ! ድምፄን ሰምቶ ነው። የተናጋሪ የልጅ ልጅ እንዲህ ነው፤ በስምንት ቀኑ ንግግር ያውቃል!

ኢሴታ፦ ይገርማል! እንግዲህ አያቋርጡ፤ እዚሁ ሆነው ይቀጥሉለት።

[አውቶቡሱ ከታች ይመጣል፤ ጥሩንባውን ነፍቶ ሳይቆም ያልፋል።]

ታኦፊ፦ አልወረደችም! [በትሩ ከእጃቸው ይወድቃል] ቀረች! አሳማ አስጠብሼ፣ ንግግር አሰናድቼ... አሁን ልጄን ማን ይረዳታል? በይ ሱቅ ሄጃለሁ!

ኢሴታ፦ ይቀመጡ። ነርሷ ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ናት።

ታኦፊ፦ የት?

ኢሴታ፦ ታሊታ ጋ። በወንድሟ መኪና መጣች፤ በጓሮ በር አስገባኋት።

ታኦፊ፦ እንግዳ በጓሮ?! ያለ ንግግር?!

ኢሴታ፦ ያለ ንግግር። እጇን ታጥባ ከታሊታ ጋር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። የታሊታን ጡትም ልጁንም አልነካችም። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» አለቻት። ስምንት ቀን ሙሉ ሁላችንም «ልጁ እንዴት ነው?» ስንል እሷን የጠየቃት ሰው የለም። ልጄ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ነርሷ «አይዞሽ» ብላ አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

ታኦፊ፦ ከዚያስ?

ኢሴታ፦ «ላሳይሽ? ትፈቅጅልኛለሽ?» ብላ አስፈቀደቻት። ጡቱ አይገፋም አለች፤ ልጁ ነው ወደ ጡቱ የሚመጣው። ሆዱ ከሆዷ ይገጥማል፣ አፉን በደንብ እስኪከፍት ይጠበቃል፣ አገጩ ቀድሞ ጡቱን ይነካል። «የቆርቆሮ ወተት ቢያስፈልግሽም እናትነትሽ አይቀንስም» አለቻት። ሁለቴ ሞክረው አቃታቸው። እኔ ወዲህ ስወጣ ሦስተኛውን ሊሞክሩ ነበር። ጩኸቱ የቆመው እየጠባ ስለሆነ ነው።

[ከኋላው ቤት ሳቅ ይሰማል። የታሊታ ሳቅ ነው። ታኦፊ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ይጠርጋሉ።]

ታኦፊ፦ ሳቀች።

ኢሴታ፦ አዎ፣ ሳቀች።

ታኦፊ፦ ቆይ እንጂ... ታዲያ አንቺ ይሄን ሁሉ እያወቅሽ እዚህ ተቀምጠሽ ስታደናግሪኝ ነበር?

ኢሴታ፦ ገብተው እንዳይቀበሏት ነዋ!

ታኦፊ፦ እና ዛሬ ጠዋቱን ሙሉ ሞኝ መስለሽ አታለልሽኝ?

ኢሴታ፦ [ምንጣፉን እየጠቀለሉ] ዛሬ ብቻ ይመስልዎታል?